የተቆረጠብኝ አምስት ሰዓት፦ ለንደን ጽዳት ለምትሠሩ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን አንድ ልጅ ስልኩን አወጣና "ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ፣ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?" አለኝ። ገና ሁለት መስመር ሳነብ ደብዳቤውን አወቅኩት። ሎጎው ሌላ ነው፣ ነገሩ ግን በ2024 ለኔ የተሰጠኝ ራሱ ነው ማለት ይቻላል፣ "እንኳን ወደ አዲሱ ቤተሰባችን መጣህ" ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰዓትህን ይቆርጥሃል። ለሱ እዛው ቆሜ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ እንግሊዝኛው ስለሚከብደው ወይ አለቃውን ስለሚፈራ ዝም ብሎ የሚፈርም ሰው ብዙ ነውና። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ከ2017 ጀምሮ የምሠራው ሲቲ ኦፍ ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ የቢሮ ህንፃ ላይ ነው። በፈረንጁ ሰዓት ጠዋት ከ5 እስከ 9፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ማለትም 20 ሰዓት። ናይት ባስ የምይዘው በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ በዛን ሰዓት ባሱን የሞላው ሰው ግማሹ ጽዳት ግማሹ ሆስፒታል ነው፣ ሁሉም ጭንቅላቱን መስኮት ላይ አስደግፎ ይተኛል። ሦስት ፎቅ የኔ ነው። ሽንት ቤቶቹ፣ ኪችኑ፣ ቢኖቹ፣ ጠረጴዛው፣ ከዛ ሁቨር። የህንፃው ባለቤቶች አይቀጥሩንም። የጽዳቱን ሥራ ለኮንትራክተር ይሰጣሉ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ጨረታ ይወጣል፣ ሌላ ኩባንያ በርካሽ ያሸንፋል። እኔ አንድ ህንፃ ውስጥ ሆኜ ሦስት ኩባንያ ቀያይሬያለሁ። ማፑ ያው ነው፣ ባልዲው ያው ነው፣ ቲሸርቱ ብቻ ሰማያዊ የነበረው አረንጓዴ ይሆናል።

በ2024 ጁን ላይ ሦስተኛው ኩባንያ ገባ። ቤዝመንት ሰበሰቡንና አንዲት የኤችአር፣ ማለትም የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል፣ ሴትዮ ታብሌት ይዛ መጣች፣ ቆንጆ ፈገግታ አላት፣ ብስኩትም አምጥታለች። አዲስ ኮንትራት እስከ አርብ ድረስ እንድንፈርም ነገረችን፣ "ለሁሉም ሳይት አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው፣ ምንም የሚቀየር ነገር የለም" አለች። የሚቀየረው ነገር የነበረው ከ5 እስከ 9 የነበረው ከ6 እስከ 9 መሆኑ ነው። ሦስቱ ፎቅ ግን ሦስት ሆኖ ይቀጥላል።

እኔ ያልፈረምኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ኤርትራዊት እናት፣ እኛ አደይ ነው የምንላት፣ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፣ ታብሌቱ እሷ ጋ ሲደርስ "መነጽሬን አልያዝኩም፣ ልጄ ታንብብልኝና እፈርማለሁ" አለች። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እኔም ቀጥዬ "እኔም ቤት ወስጄ ላንብበው" አልኩ፣ ከዛ ከ17 ሰው 11 ሰው ተመሳሳይ ምክንያት አገኘ። ስድስቱ ፈረሙ። ሴትዮዋ ፈገግታዋን ሰብሰብ አደረገች ግን ምንም አላለችም። የመጀመሪያው ምክሬ እንግዲህ ይሄው ነው፣ ማንኛውም ወረቀት እዛው ቦታው ላይ አይፈረምም፣ አንብቤ ልምጣ ማለት ወንጀል አይደለም፣ መጨቃጨቅም አያስፈልግም።

ባንፈርምም ሰዓቱን ቆረጡት። ሩታው፣ ማለትም የሥራ ሰዓት ሰሌዳው፣ ላይ 6 ሰዓት ብለው ጻፉት፣ የህንፃው በር ከ6 በፊት በካርዳችን መከፈት አቆመ። ጁን 28 ፔይስሊፑ፣ የደሞዝ ወረቀቱ፣ ሲመጣ ድሮ 86.67 ሰዓት ይል የነበረው 65 ይላል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ በሳምንት 20 ሰዓት ሲባዛ በ52 ሲካፈል ለ12 ነው 86.67 የሚመጣው፣ በ15 ሲሆን 65 ነው። ልዩነቱ 21.67 ሰዓት፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 11.44 ፓውንድ ነው፣ በወር ወደ 248 ፓውንድ ጠፋ ማለት ነው። ለአንዳንዱ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለኔ የልጄ የትራንስፖርትና ግማሽ የመብራትና ጋዝ ነው። ሥራው ደግሞ አልቀነሰም አላልኳችሁም? የአራት ሰዓቱን ሥራ በሦስት ሰዓት ለመጨረስ ኪችኑን መዝለል ጀመርኩ፣ ከዛ ቡና ማሽኑ ስር ያለው የወተት ፍሳሽ ደረቀና አንድ የቢሮ ሰው ፎቶ አንስቶ ላከው፣ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ፎቶውን አሳየኝ። እኔ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተከስሼ አላውቅም ነበር።

አሁን ዩኒየን ወደሚባለው ነገር ልምጣ። እኔ ዩኒየን ሲባል ደስ አይለኝም ነበር፣ ሀገር ቤት ያደግንበት ነገር ነው። አባቴ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ በደርግ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር ማለት ከላይ የተደራጀ፣ ደሞዝህ ላይ ተቆርጦ የሚከፈል፣ እሁድ ጠዋት የምትሰበሰብበት ነገር ነው። "ማኅበር ማለት ስብሰባ ነው፣ ስብሰባ ማለት መዋጮ ነው" ይል ነበር። እኔም ይሄን ይዤ ነው ለንደን የመጣሁት። እዚህ ደግሞ በቲቪ የማየው የባቡር ስትራይክ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ ነው፣ ባቡር ሲቆም ሥራ የሚያረፍደኝ እኔ ነኝና ምኑን እወደዋለሁ።

ብቻ ሲጨንቀኝ አንድ ትልቅ ዩኒየን ጋ ደወልኩ። ስሙን አልናገርም፣ ሰዎቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። ብዙ ጠበቅኩ፣ ሙዚቃው አለቀ፣ እንደገና ጀመረ፣ በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳችና በጣም በትህትና ችግሩ የጀመረው አባል ከመሆንህ በፊት ስለሆነ በጠበቃ ልንይዝልህ አንችልም አለችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ባሱ ላይ ሳስበው ገባኝ፣ ይሄ እኮ እድር ነው! እድር ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ስጡኝ ብሎ የሚመዘገብ አለ እንዴ? ያልከፈልክበትን ድንኳን ማን ይተክልልሃል። ሰፈር ውስጥ ማንም ሳያስረዳን የሚገባን ነገር እዚህ ሀገር በእንግሊዝኛ ሲነገረን ግራ ይገባናል። ዩኒየን እድር ነው፣ የሚገባበትም ጊዜ ቤቱ ሰላም ሲሆን ነው። ብዙዎቹ የጠበቃ እርዳታ ለማግኘት የተወሰነ ሳምንት አባል ሆነህ መቆየት አለብህ ይላሉ፣ ስለዚህ ስትመዘገቡ ይቺን ጠይቁ።

አደይ ናት ሌላውን ያገኘችው። ልጇ ፈልጋ ፈልጋ ትናንሽ ዩኒየኖች እንዳሉ አወቀች፣ ስደተኛ የበዛባቸው፣ ጽዳትና ጥበቃ ላይ የሚሠሩ። ዩናይትድ ቮይስስ ኦፍ ዘ ወርልድ አለ፣ አይደብልዩጂቢ አለ። ከትልልቆቹ ደግሞ ዩኒሰን፣ ዩናይት፣ ጂኤምቢ አሉ፣ ሱቅ ውስጥ ለምትሠሩ ኡስዶ አለ። በ2017 ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ያሉት ጽዳቶች ስትራይክ መትተው ከኮንትራክተር ወጥተው በቀጥታ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሆነዋል፣ በ2020 ደግሞ ፓዲንግተን ያለው ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ጽዳቶችና ፖርተሮች እንዲሁ። ይሄን ስሰማ አላመንኩም፣ ጡረታው፣ የህመም ክፍያው፣ የዓመት ፈቃዱ ሁሉ ይቀየራል እኮ። እኔ የገባሁበት አባልነቱ በወር ከ10 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ይላል። ከነባሩ ችግራችን ጋር ነው የተቀበሉን፣ ግን እድል ነው፣ ሁሌ አይሆንም።

ሬፑ፣ ማለትም የዩኒየኑ ተወካይ፣ ጋናዊ ነው፣ ስድሳ ሊሞላው ነው፣ ራሱም ዕድሜውን ሙሉ የጠረገ ሰው ነው። ኦልድጌት አጠገብ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን፣ እኔ ፔይስሊፖቼን በቴስኮ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ሚስቴ ሁሌ "ይሄን ቆሻሻ መቼ ነው የምትጥለው" የምትለኝ ከረጢት ነው። ሬፑ ከረጢቱን ሲያይ ሳቀና "ወንድሜ አንተ ግማሹን ኬስ አሸንፈሃል" አለኝ። ሦስት ነገር ነው የጠየቀኝ፣ የመጀመሪያው ኮንትራትህ የት አለ፣ አዲሱን ፈርመሃል ወይ፣ እንደማትስማማ በጽሑፍ ተናግረሃል ወይ። ሦስተኛው ላይ ወደቅኩ። አፌን ሞልቼ ለሱፐርቫይዘሩ ተናግሬያለሁ ግን የጻፍኩት ነገር የለም።

እዛው ካፌ ውስጥ በስልኬ ኢሜይል አስጻፈኝ። ከአራት መስመር አይበልጥም። ኮንትራቴ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ወደ 15 መቀነሱን አልተቀበልኩም፣ ሥራ የምመጣው አንደር ፕሮቴስት ነው፣ የተቆረጠው ገንዘብ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። በቃ። አንደር ፕሮቴስት የምትለዋን ቃል ያዟት፣ እየተቃወምኩ ነው የምሠራው ማለት ናት። ምንም ሳትል ወራት ከሠራህ በኋላ "ተስማምቶ ነው እኮ የሠራው" ይሉሃል፣ ዝምታ እዚህ ሀገር እንደ ፊርማ ሊቆጠር ይችላል። ኢሜይሉን ከራሴ ኢሜይል ነው የላክሁት፣ የሥራው አፕ ላይ ብትጽፉ ከሥራ የወጣችሁ ቀን ይዘጋባችኋል። ፔይስሊፕም እንደዛው ነው፣ አፕ ላይ አለ ብላችሁ አትተኙ፣ በየወሩ አውርዱት ወይ ፎቶ አንሱት።

ከዛ ስለ ቱፒ አስረዳኝ። ቱፒ ማለት የ2006 ሕግ ነው፣ ሥራው ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ሠራተኛው ከነሙሉ ኮንትራቱ ይተላለፋል ነው የሚለው። ሰዓትህ፣ ደሞዝህ፣ የቆየህበት ዓመት ሳይቀር አብሮህ ይሄዳል። እኔ በሦስተኛው ኩባንያ የአንድ ወር ሠራተኛ አይደለሁም፣ ከ2017 ጀምሮ ነው የሚቆጠርልኝ። ዝውውሩን ምክንያት አድርጎ የሚደረግ ለውጥ ደግሞ ብትፈርምበትም እንኳ ዋጋ የለውም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፣ ብትፈርምም። በእርግጥ ቀዳዳ አለው፣ ኩባንያው የሠራተኛ ቁጥር ወይ የሥራ አደረጃጀት የሚነካ እውነተኛ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት ካለው ሊቀይር ይችላል፣ ኮንትራቱ ራሱ ከፈቀደለትም እንዲሁ። "ለሁሉም ሳይት አንድ ዓይነት ለማድረግ" የሚለው ግን ከነዚህ አይገባም። የኤችአሯ ሴትዮ በራሷ አፍ የሰጠችን ምክንያት እሱ ነበር፣ አደይ ደግሞ በዛኑ ቀን ከነሰዓቱ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች፣ በትግርኛ።

ግሪቫንስ አስገባን፣ አሥራ አንዳችንም በአንድ ደብዳቤ። ግሪቫንስ ማለት ለኩባንያው የሚጻፍ ቅሬታ ነው። ስብሰባው ላይ ሬፑ ከኔ ጋር ሲገባ ማናጀሯ "ኩባንያችን ለዚህ ዩኒየን እውቅና አልሰጠም" አለች። እኔ በቃ ተመለስ ሊሉት ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ኮቱን እያወለቀ "ልክ ነሽ፣ አልሰጣችሁንም፣ የ1999ኙ ሕግ ግን ሰጥቶናል" ብሎ ተቀመጠ። እውቅና የሚባለው ስለ ደሞዝ በጋራ ለመደራደር ነው፣ በግሪቫንስና በዲሲፕሊን ስብሰባ ላይ ግን የዩኒየን ሰው ወይ የሥራ ባልደረባ ይዘህ የመግባት መብት ኩባንያው ወደደም ጠላም አለህ። ሬፑ መናገር ይችላል፣ ስብሰባውን አቋርጦ ከአንተ ጋር መማከር ይችላል፣ አንተ የተጠየቅከውን ግን እሱ አይመልስልህም። እና እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መለስኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጠረጴዛው ስር ደበቅኩት።

ግሪቫንሱን ውድቅ አደረጉት። ይግባኝ አልን፣ ይግባኙ ለኦገስት ተቀጠረ፣ ሰውየው ፈቃድ ላይ ነው ተብሎ ወደ ሴፕቴምበር ተገፋ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚቀልጠው፣ በደንብ አንብቡልኝ። ገንዘብ ሲቆረጥባችሁ ወደ ሥራ ትሪቡናል፣ ማለትም የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት፣ የምትሄዱበት ጊዜ ሦስት ወር ሲቀነስ አንድ ቀን ነው። የኔ ጁን 28 ከተቆረጠ ሴፕቴምበር 27 ላይ ያልቃል ማለት ነው። የኩባንያው ግሪቫንስ ይሄን ሰዓት አያቆመውም! ውስጥ ለውስጥ በደብዳቤ እየተጻጻፋችሁ፣ እየጠበቃችሁ፣ ጊዜው ያልፍና በሩ ይዘጋል። በየወሩ ተደጋግሞ ከተቆረጠ ከመጨረሻው ወር መቁጠር ይቻላል ይባላል፣ ሬፑ ግን "በሱ አትተማመን፣ ከመጀመሪያው ቁጠር" አለኝ። ሰዓቱን የሚያቆመው አካስ ጋ ማመልከት ነው። አካስ የመንግሥት አስታራቂ ነው፣ በነጻ ነው፣ ትሪቡናል ከመሄዳችሁ በፊት የግድ በሱ ታልፋላችሁ። ፎርሙ ኦንላይን ነው፣ አጭር ነው። ምክር ብቻ ከፈለጋችሁም ስልካቸው 0300 123 1100 ነው። እኛ ሴፕቴምበር 19 አመለከትን፣ ስምንት ቀን ሲቀረን። ዛሬም ሳስበው ያልበኛል።

በ2025 ዲሴምበር አዲስ የሥራ መብት ሕግ ጸድቋል፣ ይሄን ሦስት ወር ወደ ስድስት ያሳድገዋል፣ ግን ሕጉ በየክፍሉ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። በናንተ ጉዳይ ላይ ስድስቱ እንደሚሠራ አካስ ራሱ እስኪነግራችሁ ድረስ ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ። ከሥራ ያለአግባብ ተባረርኩ ለማለት የሚያስፈልገው የሁለት ዓመት ሥራም ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ወደ ስድስት ወር ይወርዳል።

ትሪቡናል ስንት ያስከፍላል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ የሀገራችን ልጅ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው ብሎኛል፣ የድሮውን ነው የነገረኝ ለካ። ከ2013 ጀምሮ እስከ 1,200 ፓውንድ ድረስ ያስከፍሉ ነበር፣ ዩኒሰን መንግሥትን ከሶ በ2017 ጁላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገወጥ ነው ብሎ አስቀረው። አሁን ክስ ለማስገባት ክፍያ የለም። ያንን ክስ ያሸነፈው እንግዲህ ዩኒየን ነው፣ እኔ አባሉ ያልሆንኩት፣ ምንም ያልከፈልኩበት ዩኒየን።

የአካሱ ሰው እየደወለ ከነሱ ወደኛ ከኛ ወደነሱ ያመላልሳል፣ ልክ እንደ ሀገር ሽማግሌ ግን በስልክ። ለኔ መጀመሪያ 500 ፓውንድ እንስጥህና ሰዓቱ 15 ሆኖ ይቅር አሉ። እውነት ልናገር፣ ልቀበል ነበር። ደክሞኛል፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰላምታ ካቆመኝ ሁለት ወሩ ነው፣ ቢኖቼን እየከፈተ ያያል። አደይ ደወለችልኝ። "አምስት መቶው ሁለት ወር ነው፣ ከሁለት ወር በኋላስ?" ብቻ ነው ያለችኝ፣ ከዛ ስለ ልጄ ትምህርት ጠይቃኝ ዘጋችው። አልተቀበልኩም። ኦክቶበር 24 ላይ ሰዓታችን ወደ 20 ተመለሰ፣ የአራቱም ወር ለኔ 991 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ተከፈለ። ስምምነቱ የሚፈረመው ሲኦቲ 3 በሚባል ወረቀት ነው። እሱን ስትፈርሙ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር መክሰስ አትችሉም፣ ስለዚህ ያልተከፈለ የፈቃድ ገንዘብ ካለ ከመፈረማችሁ በፊት አንሱት። የኔ ላይ የኩባንያውን ስም እንዳላነሳ የሚል አለበት፣ አላነሳሁምም።

ስድስቱ የፈረሙት ሰዎችስ? ሬፑ የናንተም ፊርማ ዋጋ የለውም፣ ኑ ብሏቸው ነበር። ሁለቱ መጡ፣ ተመለሰላቸው። አንዲት ኮሎምቢያዊት ግን "ይቅርብኝ፣ ሰላሜን እፈልጋለሁ" አለች፣ ሌሎቹም እንደሷ። እኔ አልፈርድባቸውም። አንዱ ለሌላ ሳይት ተቀይሮ ሄደ፣ ከዛ በኋላ አላየሁትም።

ዩኒየን ተአምር ነው እያልኳችሁ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ሪደንደንሲ፣ ማለትም ሥራ ስለቀነሰ ሠራተኛ መቀነስ፣ ብሎ መጣ፣ ህንፃው ውስጥ ሁለት ፎቅ ባዶ ስለሆነ እውነተኛ ምክንያት ነበረው፣ ሁለት ሰው ካሳቸውን ይዘው ወጡ፣ ሬፑ ተከራከረ ግን አላስቆመውም። ዩኒየኖቹም የድሮ ጉልበታቸው የለም። በ1979 ወደ 13 ሚሊዮን አባል ነበራቸው፣ ዛሬ ከ6 ሚሊዮን ትንሽ በላይ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ መንግሥት ቤት፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚሠራ። በግል ኩባንያ ከስምንት ሠራተኛ አንዱ ቢሆን ነው። ኮቨንትሪ ያለው አማዞን ዌርሃውስ በ2024 ጁላይ ለጂኤምቢ እውቅና ይሰጥ አይሰጥ ተብሎ ድምጽ ተሰጥቶ 49.5 በመቶ አግኝቶ ወደቀ፣ ለጥቂት። ሬፑ የዩኒየኖቹ ጉልበት የማዕድን ሠራተኞቹ በ1985 ከዓመት ስትራይክ በኋላ ተሸንፈው ሥራ ሲገቡ ነው የተሰበረው ይላል።

እሱ ብዙ ታሪክ ያወራል። ባስ ላይ ስለ ግረንዊክ የነገረኝ አይረሳኝም፣ ሰሜን ምዕራብ ለንደን ዊልስደን የነበረ ፎቶ የሚያጥብ ፋብሪካ ነው፣ በ1976 ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ህንዳውያን ሴቶች፣ ጃያቤን ደሳይ የምትባል አጭር ሴት እየመራቻቸው፣ ሳሪያቸውን እንደለበሱ ሥራ አቁመው ወጡ። ሁለት ዓመት ገደማ በሩ ላይ ቆሙ። አላሸነፉም። ግን ከዛ በፊት ዩኒየኖቹ ራሳቸው ስደተኛን ከቁምነገር አይቆጥሩም ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን መቁጠር ጀመሩ ነው የሚለው። አንድ ቀን ደግሞ ቦው በኩል ስናልፍ በ1888 የክብሪት ፋብሪካ ልጃገረዶች አድማ የመቱት እዚህ ነው አለኝና፣ በኋላም ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል ሴት የዚህን ሰፈር ድሃ ሴቶች ታደራጅ ነበር ሲለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። የኛዋ ሲልቪያ! ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው! እኔ በጣልያን ጊዜ ለኢትዮጵያ የጮኸች ፈረንጅ መሆኗን ብቻ ነበር የማውቀው። መቃብሯ አዲስ አበባ እንደሆነ ስነግረው እሱ ደግሞ በተራው አላመነኝም፣ ስልኬ ላይ ፈልጌ አሳየሁት።

ኡበር ለምትነዱ ወንድሞች አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 ፌብሩወሪ 19 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኡበር ሾፌር የግል ነጋዴ አይደለም፣ "ወርከር" ነው ብሏል፣ ስለዚህ ዝቅተኛ ክፍያና የዓመት ፈቃድ ገንዘብ አላችሁ። ምግብ የሚያደርሱት የዴሊቨሩ ሰዎች ግን በ2023 ኖቬምበር በዩኒየን በኩል በጋራ ለመደራደር ባነሱት ክስ ተሸንፈዋል፣ ምክንያቱም ሥራውን በሌላ ሰው ማሠራት ስለሚፈቀድላቸው። ሁሉም አፕ አንድ አይደለም ማለቴ ነው። ዜሮ አወር፣ ማለትም የተወሰነ ሰዓት የሌለው ኮንትራት፣ ላይ ብትሆኑም ኤጀንሲ፣ ፈቃድ የላችሁም ካሏችሁ አትመኑ፣ በዓመት 5.6 ሳምንት ለሁሉም ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 28 ቀን፣ ባንክ ሆሊደይ ከዛ ውስጥ ሊቆጠር ይችላል። የህመም ክፍያም ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከመጀመሪያው ቀን ነው፣ ያ ሦስት ቀን የሚዘለለው ነገር ቀርቷል።

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ "ዩኒየን መግባቴን አለቃዬ ካወቀ አያባርረኝም ወይ" ነው። የመናገር ግዴታ የለባችሁም፣ መዋጮው ከባንካችሁ በቀጥታ እንዲቆረጥ ካደረጋችሁ ፔይስሊፕ ላይ አይታይም። አባል በመሆንህ ማባረር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕገወጥ ነው፣ ሁለት ዓመት ወይ ስድስት ወር የሚባል ነገር እዛ ጋ አይሠራም። ይሄ ማለት ግን ሌላ ምክንያት አይፈልጉብህም ማለት አይደለም፣ ስለዚህ በዛን ሰሞን አታርፍዱ፣ ፎቃችሁን አጽዱ፣ ቡና ማሽኑን ስሩን ሳይቀር። የዋትስአፕ ግሩፕ ስትከፍቱም ሱፐርቫይዘር የሌለበት ይሁን፣ የኛ የመጀመሪያው ግሩፕ ውስጥ የሱፐርቫይዘሩ እህት ነበረች፣ ያወቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የእሁዱ ልጅ ደብዳቤውን አልፈረመም፣ ሰኞ ማታ የድሮ ኮንትራቱን ፈልጎ ፎቶ ልኮልኛል፣ ጠርዙ ላይ የወጥ ጠብታ አለበት ግን ሰዓቱ ይነበባል። እኛም ህንፃ ጋ ኮንትራቱ እንደገና ጨረታ ሊወጣ ነው እየተባለ ነው። ሐሙስ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ አደይ ወንበር ላይ ተቀምጣ መነጽሯን አድርጋ አዲስ የገባችውን ቦሊቪያዊት ልጅ ፔይስሊፕ በስልክ ፎቶ ታነሳለች፣ ልጅቷ ደግሞ ብርሃን እንዲሆንላት መብራቱ ስር ዘርግታ ይዛላታለች።